ፕሮሰሰራችን አንድ፣ የሱ 11,200 የእኔ 9,700፤ ኦቨርክሎክ ላድርግ (ፍጥነቱን ከፋብሪካው በላይ ልግፋ) ወይስ ዕቃ ልቀይር?

ባለ_580

ሰላም ቤተሰብ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ነገሩ አብሽቆኝ ነው።

ማሽኔ ይሄ ነው፦ ራይዘን 5 5600፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ዲዲአር4 3200 ራም 16 ጊጋ አንድ ፍሬ፣ አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ 8 ጊጋ ስላሽ የገዛሁት፣ ኩለሩ ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶን የመጣው ትንሹ። ፓወር ሰፕላዩ ላዩ ላይ 550 ዋት ይላል፣ ስሙን ግን ከእኔ ማሽን ውጪ የትም አይቼው አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጀለሴ ቤት ሄድኩ። የሱም 5600 ነው። ሲኔቤንች አር23 (የፕሮሰሰር ጉልበት መለኪያው) ላይ 11,200 አወጣ። ቤቴ ገብቼ የእኔን ስሞክር 9,700። ደገምኩት፣ እንዲያውም 9,640 ሆኖ አረፈው። ታይም ስፓይ የሚባለው የጌም መለኪያ ላይ የግራፊክሱ ውጤት 3,750 ነው፣ ሌላው ባለ 580 ሁሉ ግን ከ4,200 በላይ ነው የሚያወራው። ልጁ ስክሪንሹቱን ግሩፓችን ላይ ፒን አድርጎታል፣ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ።

እጄ ላይ ወደ 20 ሺህ ብር አለ። ሀሳቤ ፕሮሰሰሩን 1.35 ቮልት ሰጥቼ 4.7 ጊጋኸርዝ ላይ ማቆም ነበር፣ ዩቲዩብ ላይ አንዱ ሲያደርገው አይቻለሁ። ወይስ ጨምሬ ፕሮሰሰር ልቀይር? አዲስ አበባ ነኝ። መብራት አንዳንዴ ይሄዳል፣ እሱንም አስቡልኝ።

ብሎን_ፈቺ

ወንድሜ፣ 4.7ቱን ለጊዜው እርሳው። 5600 ጤነኛ ከሆነ፣ ምንም ሳይነካ፣ አር23 ላይ 10,800 አካባቢ ያመጣል። ኦቨርክሎክ ከደመወዝ በላይ ጉርሻ መጠየቅ ነው። ያንተ ግን ደመወዙ ራሱ ተቆርጦ ነው እየደረሰህ ያለው። መጀመሪያ ማን እንደቆረጠው እንወቅ።

አንድ ነገር ጀለስህን ጠይቀው። የሠራው ፈተና ካንተ ጋር አንድ ነው? አር23ን እንዳለ ከተውከው 10 ደቂቃ ሙሉ እየደጋገመ ነው የሚሠራው። ያንን አጥፍቶ አንድ ዙር ብቻ ማሠራትም ይቻላል። በቀዝቃዛ ማሽን አንድ ዙር ሮጦ የሚመጣ ቁጥርና 10 ደቂቃ ተቀቅሎ የሚመጣ ቁጥር ለየቅል ናቸው።

ከዛ ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን የማሽን መከታተያ ፕሮግራም ጫንና ፈተናው እየሮጠ ሦስት መስመር ብቻ እይ፦ ሙቀቱን፣ ኮሮቹ በእርግጥ የሚሮጡበትን ፍጥነት፣ እና ፒፒቲ የሚለውን፣ ፕሮሰሰሩ የሚበላውን ዋት። ሙቀቱ 90 ደርሶ ፒፒቲው 60ዎቹ ውስጥ ከቀረ ጥፋቱ የኩለር ነው፤ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ዝቅ እያደረገ ነው። ሙቀቱ 70 ሆኖ ፒፒቲው 76 ላይ ተገትሮ ከቆመ ደግሞ የተፈቀደለትን ዋት ጨርሷል። 65 ዋት ተብሎ የሚሸጠው እስከ 76 ይበላል፣ ከዛ በላይ በፋብሪካ ሴቲንግ አይሄድም። ፒቢኦ የሚባለው፣ ያንን የዋት ገደብ ከፍ የሚያደርገው ሴቲንግ፣ የሚጠቅመው ለሁለተኛው ነው። ለመጀመሪያው ዋት መጨመር ላብ ላጠመቀው ሰው ጋቢ መደረብ ነው።

እኔ በግምት ኩለር ነው እላለሁ። እኔ ጋ የሚመጡት ማሽኖች አብዛኞቹ እንደዛ ናቸው። ባለፈው የከፈትኩት ፔስቱ (ፕሮሰሰሩና ኩለሩ መሀል የሚቀባው) እንደ ደረቀ ሊጥ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ በፋኑና በብረቱ መሀል ደግሞ አቧራው ተደራርቦ በጣት ሲይዙት እንደ ጨርቅ ተገፎ ወጣ። ፋኑ ይዞራል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ግን አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም።

ስትፈታው ግን ተጠንቀቅ፣ እኔ በገንዘቤ የተማርኩት ነው። ኤኤም4 በሚባለው ያንተ ዓይነት ሶኬት ላይ እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፣ 1,331 ናቸው። ቀዝቃዛ ማሽን ላይ ኩለሩን ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ስስበው ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ አብሮ ተነቅሎ ወጣ። የሰው ዕቃ! አንድ ጥግ ላይ ያሉት እግሮች ተኝተዋል። በባዶ የእርሳስ ቀፎ አንድ በአንድ ሳቃና አመሸሁ፣ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ "አለቀ?" ይለኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲኔቤንችን 5 ደቂቃ አሠራው፣ ፔስቱ ይለስልሳል። አጥፋ፣ ገመዱን ንቀል፣ አራቱን ብሎኖች በሰያፍ እያፈራረቅክ ፍታ፣ ከዛ ኩለሩን ግራ ቀኝ ቀስ እያልክ አዙረው። ሲላቀቅ እጅህ ላይ ይታወቅሃል። ያኔ አንሳው።

ሌላው አንድ ፍሬ ራም ነው። ሲኔቤንች ስለ ራም ብዙም ግድ የለውም፣ እዛ ላይ ለውጥ አትጠብቅ። ታይም ስፓይ የፕሮሰሰሩን ክፍል ሲለካ ግን ይታያል፣ ጌም ላይማ በጣም። አቻውን ሁለተኛ ፍሬ ፈልግና ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ላይ ሰካቸው። እግረ መንገድህን ታስክ ማናጀር ገብተህ የራሙን ፍጥነት አንብብ። 3200 ካላለ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት ሴቲንግ) ውስጥ ኤክስኤምፒው፣ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስሮጠው፣ አልተከፈተም፣ በነፃ የተቀመጠ ፍጥነት ነው።

ኬ_ብቻ

ምን አደከማችሁት። ሽጠውና ኢንቴል 12400ኤፍ ግዛ፣ ሳትነካው 12,000 ያመጣልሃል። አለቀ።

ብሎን_ፈቺ

12,000 ማምጣቱስ ያመጣል፣ አልዋሸህም። ግን ማዘርቦርዱም አብሮ መቀየር አለበት፣ 20 ሺህ የት ድረስ ይሄዳል? ደግሞ ልጁ መነካካት ነው ያማረው። 12400ኤፍ የተቆለፈ ነው፣ ኢንቴል ላይ ስሙ መጨረሻ ኬ የሌለው ፕሮሰሰር፣ ኬም ሆኖ ዜድ ያልሆነ ማዘርቦርድ ላይ የተቀመጠ፣ ማባዣው (ፍጥነቱን የሚወስነው ቁጥር) አይነካም። ስምህን ኬ ብቻ ብለህ ያለ ኬ ትመክራለህ?

በዚሁ አጋጣሚ ለሌሎቻችሁም፣ ስላሽ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ትላልቆቹን ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ። ከሚገባው በላይ ቮልት እየጠየቁ ራሳቸውን ሲጎዱ ነበር፣ ኢንቴልም አምኖ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ የባዮስ ማስተካከያ አውጥቷል። ማስተካከያው ጤነኛውን ይጠብቃል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ሻጩ በምን ባዮስ ሲያሠራው እንደከረመ አይነግርህም።

ሼባው_486

እኛ ጊዜ ኬዙ ላይ ተርቦ የሚል ቁልፍ ነበር። ጎረቤት ሲመጣ እየተጫንን እናሳይ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፣ የቁልፉ ዋና ጥቅም ለድሮ ፕሮግራሞች ሲባል ማሽኑን ማዘግየት ነው ለካ።

ለማንኛውም ልጆች፣ 9 ጊጋኸርዝ ያለፉት ሰዎች ፈሳሽ ሂሊየም እያፈሰሱ ነው፣ አይ9 13900ኬ ላይ፣ እ.ኤ.አ. 2022 መጨረሻ። በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚጫወቱትም ብዙ ናቸው፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። እኛ አገር ናይትሮጅን ያለው ከብት አዳቃዮቹ ጋ ነው። የኮርማ ዘር የተቀመጠበትን ጋን ተውሼ ቤንችማርክ ልሥራ ብትላቸው ምን እንደሚሉህ አላውቅም።

እንጦጦ_ፋን

ማንም ያላነሳውን ልንገርህ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። አየሩ ከባህር ጠረፍ ጋር ሲነፃፀር ወደ ሩብ ለሚጠጋ ሳስቷል። ፋንህ በደቂቃ ያንኑ ያህል ጊዜ ቢዞርም ብረቱን ነክቶ የሚያልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። ምስሩ ቶሎ አልበስል የሚልበት ከተማ ላይ ኩለርህም ዳገት ላይ ነው ያለው።

እኔ ይሄ የገባኝ አዳማ እያለሁ የምጠቀምበትን ማሽን ይዤ እንጦጦ ስር ስገባ ነው። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ፕሮሰሰሩ ግን የጠበቅኩትን ያህል አልቀዘቀዘም። ውጪ አገር ያለ ሰው ትንሹ ኩለር ይበቃል ሲልህ እሱ ያለው ባህር አጠገብ ሊሆን ይችላል። ውሃ የሚዞርበት ኩለር ገዝቼ እገላገላለሁም እንዳትል፣ ውሃው መጨረሻ ላይ የሚቀዘቅዘው በዚያው አየር ነው። እኔ ብሆን ግንብ የሚመስለውን ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ኩለር ገዝቼ በላዩ ጥሩ ፔስት። በቃ።

ከበረሃው

አየሩ ሳሳ ትላላችሁ እንዴ? ኑና ሐምሌ ላይ ዱባይ ኤሲ አጥፍታችሁ አር23 ክፈቱ። ያኔ እናወራለን።

ቀልዱን ልተወውና፣ ያ 1.35 ቮልት ነገር እኔ አልስማማበትም። ቋሚ ቮልት ሰጥተህ ሁሉንም ኮር 4.7 ላይ ስትቸነክረው ማሽኑ ሥራ ፈቶ ዴስክቶፕ ላይ እያለም ያንን ቮልት ይጠጣል። ሙሉ ጭነት ሲመጣ ደግሞ በትንሹ ኩለር ሁለት ደቂቃ አይቆይልህም። ቪዲዮው ላይ የምታየው ሰውዬ ከጀርባው ምን ኩለር እንዳለ አየህ?

5600 ላይ የሚያዋጣው መንገድ ባዮስ ውስጥ ፒቢኦ ገብተህ ከርቭ ኦፕቲማይዘርን በኔጌቲቭ መጠቀም ነው። ቮልት ትቀንስለታለህ፣ እሱ በተረፈው ሙቀትና ዋት ራሱ ፍጥነት ይጨምራል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፣ እኔም መጀመሪያ አላመንኩትም ነበር። አንዷ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ናት። ሁሉንም ኮር ኔጌቲቭ 15 ብለህ ጀምር። ከዛ ፒፒቲውን ከ76 ወደ 90 አካባቢ አንሳው፣ የቡስቱን (ራሱ የሚጨምረውን ፍጥነት) ጣሪያ 200 ሜጋኸርዝ ጨምር፣ 5600 ካለበት 4.4 ወደ 4.6 ይጠጋል። ከዚህ በላይ ፒፒቲ አትልቀቅለት፣ ርካሽ ቢ450 ላይ ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ክፍሎች ብረት እንኳን አልለበሱም።

ግን ይሄ ሁሉ ኩለሩ ከተቀየረ በኋላ ነው። ቡር ዱባይ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ላይ የኮምፒውተር ሱቆቹ ተደርድረዋል፣ ግንቡ ኩለር እዚህ ርካሽ ነው። ሰው ሲመጣ ላክልኝ ካልክ ችግሩ ትልቅነቱ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ የሁለት ሽቶ ቦታ ይወስዳል።

የሳሪስ_ልጅ

ሁላችሁም ፕሮሰሰሩ ላይ ተረባረባችሁ፣ የ580ዋን ጉዳይ ዘለላችኋት። እኔ ግን 3,750 የሚለውን እንዳየሁ ነው የጠረጠርኩት።

ባለ_580፣ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርድ መረጃ ማሳያ አውርድና ሼደርስ (የካርዱ ትናንሽ ማስያዎች ብዛት) የሚለው ሳጥን ውስጥ ያለውን ቁጥር አንብብ። እውነተኛው አርኤክስ 580 እዛ ጋ 2304 ይላል። 2048 ካለህ፣ ለቻይና ገበያ የወጣው 580 ነው የያዝከው፣ በአቅሙ አርኤክስ 570 ማለት ነው። ካርቶኑም ተለጣፊውም 580 ይላል፣ ስሙን ያወጣው ኤኤምዲ ራሱ ስለሆነ ፎርጅድ ነው ብለህ እንኳን መክሰስ አትችልም። እኔም እንደዚሁ ነው የተሸጠልኝ። ሻጩን "ይሄ 2048 ነው" ብለው "እሱ ቁጥር የፋብሪካው ነው እህት፣ አታስቢበት" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የፋብሪካው ነው። እኔ ነኝ የማላነበው።

ሁለተኛው የሚጠረጠር ነገር ማይኒንግ ነው። ብዙ 580 ዕድሜዋን የጨረሰችው ክሪፕቶ ሳንቲም ስትፈልፍል ነው፣ ባዮሷም ለዛ ተብሎ ተቀይሮ ይገኛል፣ ኮሩን ዝቅ ሜሞሪውን ከፍ አድርገው። ካርዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ የምትመስል ነገር ካለች ሁለት ባዮስ አለው ማለት ነው። ማሽኑን አጥፍተህ ወደ ሌላኛው ግፋትና ሞክር።

ሜሞሪዋን በኦቨርክሎክ ከፍ ማድረግ ካማረህ ደግሞ ኤችደብሊው ኢንፎ ላይ የጂፒዩ ሜሞሪ ስህተት የሚቆጥር መስመር አለ፣ 580 ላይ ይሠራል። በ25 በ25 ሜጋኸርዝ ጨምር፣ ቆጣሪው ከዜሮ ከተነሳ ወደ ኋላ ተመለስ። ብዙ ሰው ስክሪኑ ስላልተበላሸ ብቻ ጥሩ ነው ብሎ ይተወዋል፣ ካርዱ ግን የተሳሳተውን መልሶ በመላክ ጊዜውን እያቃጠለ ቁጥሩ ወደ ታች ይሄዳል።

ባለ_580

እህቴ፣ 2048።

ሰው ቢጠይቀኝ ካርቶኑን አሳየው ነበር እኮ።

ኤችደብሊው ኢንፎም ጉዱን አወጣው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ 90 ደረሰ፣ ፍጥነቱ 3.9 ገደማ፣ ፒፒቲው 64። ብሎን_ፈቺ እንዳለው ቁጭ። ራሙም 2400 ላይ ነው፣ ለዓመት ያህል 3200 ነው ብዬ ስምል ነበር።

ትናንት ፈታሁት። 5 ደቂቃ አሙቄ፣ ግራ ቀኝ አዙሬ። ጭጭ ብሎ ተላቀቀ፣ ልቤ ግን ከኩለሩ በፊት ልትወጣ ነበር። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠርጌ አዲስ ፔስት አደረግኩበት። ያው በትንሹ ኩለር 10,520! አንድ ሳንቲም ኦቨርክሎክ የለበትም። ኤክስኤምፒውንም ከፈትኩት።

ከበረሃው፣ ኩለሩን እዚሁ አገኘሁ፣ ባለ አንድ ፋን ግንብ። ነገ እገጥማለሁ።

መብራት_ኃይሌ

ስለ መብራቱ የመለሰልህ የለም። ሁለት ነገር ብቻ ነው። ባዮስ አፕዴት የምታደርግ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ) አትሞክራት፣ መሀል ላይ ከሄደች ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። ሁለተኛ፣ ያ ስም የሌለው ፓወር ሰፕላይ ጀርባው ላይ 115/230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ አለው? ካለው ልጅ እንዳይነካት በፕላስተር ለጥፋት። 115 ላይ ሆና እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካች ፓ! ትላለች፣ ሸተተኝ ሳትል አልቋል። ጥሩዎቹ ማንሸራተቻ የላቸውም፣ ከ100 እስከ 240 ያለውን ራሳቸው ይቀበላሉ፣ ስለዚህ ቮልት ሲዋዥቅም ይሻላሉ። የተረፈህን ብር እዛ ላይ ባደረግከው። ቤንችማርክ ላይ ግን አንድ ነጥብ አይጨምርልህም፣ አስቀድሜ ልንገርህ።

ባለ_580

ቀይ ማንሸራተቻ አለው። ለጥፌያታለሁ።

ኩለሩ ገባ። በፋብሪካ ሴቲንግ ሙቀቱ 68 ላይ ቆመ፣ 10,860። ከዛ ከበረሃው ያለውን አደረግኩ፣ ፒፒቲ 90፣ ቡስት 200 ጨምሬ፣ ከርቩን ግን ስግብግብ ሆኜ ቀጥታ ኔጌቲቭ 25 አልኩት። 11,540! ግሩፑ ላይ ልለጥፍ ስል ተውኩት፣ ምክንያቱም ሲኔቤንችን ግማሽ ሰዓት ችሎ፣ ቡና ላፈላ ተነስቼ ስመለስ ማሽኑ ራሱን ሪስታርት አድርጓል። ሥራ ፈቶ ተቀምጦ እያለ! ሁለት ጊዜ ሆነብኝ። መብራት አልሄደም።

ከበረሃው

እሱ የከርቩ ፀባይ ነው። ጭነት ላይ አይወድቅም፣ ሥራ ሲፈታ ነው የሚወድቅ፣ ምክንያቱም አንዱ ኮር ብቻውን ብድግ ብሎ ወደ 4.6 የሚወጣው ያኔ ነው፣ የቀነስክለት ቮልት ደግሞ ለዛ አይበቃውም። ሲኔቤንች ይሄን አያሳይህም።

ኢቬንት ቪወር (የዊንዶውስ የስህተት መዝገብ) ክፈትና ሲስተም ውስጥ ዊያ ሎገር የሚል ቁጥር 18 ስህተት ፈልግ። ውስጡ ኤፒክ አይዲ የሚል ቁጥር አለ፣ ለሁለት አካፍለው፣ ጥፋተኛው ኮር ያ ነው፣ ከዜሮ ነው የሚቆጠረው። እሱን ብቻ ወደ ኔጌቲቭ 10 መልሰው፣ ሌሎቹን 20 ላይ ተዋቸው። ብዙውን ጊዜ የሚያምፁት ምርጥ የተባሉት ኮሮች ናቸው፣ ፋብሪካው ከመጀመሪያውም አጥብቆ ነው የሰፋላቸው። ኮርሳይክለር የሚባል አለ፣ አንድ በአንድ ይፈትናቸዋል። ማታ ለቀኸው ተኛ።

ባለ_580

ኤፒክ አይዲው 4 ነበር፣ ኮር 2 ማለት ነው። እሱን 10፣ ሌሎቹን 20። ሁለት ሌሊት ኮርሳይክለር አደረ፣ አንድም ስህተት የለም። 10 ደቂቃውን ሙሉ 11,430፣ ሙቀት 76።

አሁን ወደ ጀለሴ ደወልኩ። 10 ደቂቃውን አጥፍቶ ነው የሠራው። እንደኔ 10 ደቂቃ አሠራው አልኩት፣ ሲያንገራግር ቆይቶ ሠራው፣ 10,910። ፒኑን ራሱ አነሳው።

ሁለተኛ ፍሬ ራም ፍለጋ ላይ ነኝ። አንድ ሱቅ ያገኘሁት 2666 ነው፣ ከ3200ው ጋር ላጋባው?

ብሎን_ፈቺ

አታጋባው፣ ሁለቱም በዘገምተኛው ነው የሚሄዱት። 3200 እስክታገኝ ጠብቅ። ካጣህ ያንተን ሽጠህ ጥንዱን በአንድ ካርቶን ግዛ።

ሼባው_486

ትንሹን ኩለር ትሸጠዋለህ? ለእህቴ የቢሮ ማሽን ፈልጌው ነው።